በሳሌም ስም የሄደችው

ሰኞ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018፣ ደብረ ብርሃን

ደብተሬ፣ ይህን የምነግርሽ ካንቺ ሌላ ለማንም ስለማይነገር ነው። ዛሬ፣ በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ፣ ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ዲስኩር አደረግሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕግ አምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለልምምድ ስንመደብ፣ ለእኔ የደረሰኝ ለስደተኞች መብት የሚሟገት ትንሽ ማኅበር ሆነ። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ሦስት ቀን በሬን ዘግቼ ወደ አገራችን ስለሚገቡ ስደተኞች የወጣውን ዐዋጅ ሸመደድኩ። ካምፑን፣ የሥራ ፈቃዱን፣ ሁሉንም አንቀጽ በአንቀጽ። ጠዋት በውርጩ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ደረስኩ። የማኅበሩ ኃላፊ ወይዘሮ ማኅደረማርያም «እስቲ ስለ ሥራችን የምታውቂውን አጫውቺኝ» ሲሉኝ ለቀቅሁት። ጃፈር የሚባለው የመስክ ሠራተኛ የሻይ ብርጭቆውን አፉ ዳር እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ስጨርስ ወይዘሮ ማኅደረማርያም መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ «የእኔ እመቤት፣ የኛዎቹ ከውጭ የሚመጡት አይደሉም፤ ከዚህ የሚሄዱት ናቸው» አሉኝ። «ከጎረቤላ፣ ከጣርማ በር፣ ከአልዩ አምባ። ወደ ዓረብ አገር።»

እኔ እኮ የጎረቤላ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል አብረውኝ ከተማሩት ሴቶች ግማሾቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ። እንዴት አንዳቸው እንኳ ትዝ አላሉኝም? ስደተኛ ሲባል ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ነው የሚመስለኝ። ጃፈር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሠናይት የሚለውን ስሜን ትቶ «እሜቴ ዐዋጅ» ይለኛል። ይበለኝ፤ የሥራዬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሥራው ገባኝ። ማኅበሩ ለምክር ቤት አባላት የሚቀርብ የፖሊሲ ሐሳብ እያዘጋጀ ነው። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ተብለው ይሄዳሉ። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ልጅ ከደብሯ የክርስትና ወረቀት ታመጣለች፤ በዚያ መታወቂያ ይሰጣታል፤ በመታወቂያው ፓስፖርት ይወጣል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና፣ ከክርስትናዋ ዕለት ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ የቆጠረ ልደቷን ያገኘዋል። ያች የመጀመሪያዋ ወረቀት ከዋሸች ግን ከኋላዋ የሚመጣው ሁሉ ውሸቷን ተሸክሞ ይሄዳል።

«የዕድሜ ማስረጃ» የሚለውን ምዕራፍ ለእኔ ሰጡኝ። ጉራዬን ተይው። አባቴ ቄስ ኃይለ ገብርኤል የደብር ጸሐፊ ነው፣ የክርስትና መዝገብ ሲጻፍ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ ይህን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አይገኝም አልኳቸው። ጃፈር ከጥግ ሆኖ «እኛ ሠፈርማ መዝገብም የለ። ወላሂ፣ ለመዋሸት እንኳ ወረቀት የለንም» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ለምዕራፉ ማሳያ የሚሆን ፋይል ተሰጠኝ። ሳሌም ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ፤ ልክ የእኔ ዕድሜ። ሪያድ ውስጥ ከምትሠራበት ቤት ጠፍታ ወጥታ ተይዛለች። አሠሪዋ የወርቅ አምባር ሰርቃኛለች ብላ ከሳታለች። እዚያ ጉዳይዋን የሚከታተሉልን አቶ ቴዎፍሎስ በደብዳቤያቸው «ልጅቱ ሕፃን ትመስላለች፤ ስንጠይቃት ግን ‹ሳሌም ነኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው› ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም» ይላሉ።

ከዐሥራ ስምንት በታች መሆኗ በማስረጃ ከቀረበ ጉዳይዋ እንደ ልጅ ታይቶ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ካልቀረበ እንደ ዐዋቂ ይፈረድባታል፤ ስንት ዓመት እንደሚሆን እግዜር ይወቀው። ቀጠሮዋ ኅዳር 25 ነው።

የክርስትና ወረቀቷ ግልባጭ ከፋይሉ ጋር አለ። ማኅተሙ ስለተዝረከረከ የደብሩም፣ የጸሐፊውም፣ የወላጆቿም ስም አይነበብም። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል፤ የ«ለ» እግሮች ረዘም፣ ወደ ግራ ቀለስ ያሉ። የእኛ አገር ካህናት ከአንድ የኔታ የተማሩ ይመስል ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፉት። ፎቶዋ ደብዛዛ ነው። ብዙ አላየሁትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ማን መጣ መሰለሽ? እትዬ አስካለማርያም። ጎረቤላ ከእኛ ቤት በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያሉት። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ነበርኩ። ጃፈር ፊት ተቀምጠው፣ ልጃቸው ለተጊዮርጊስ ድምፅዋን ካጠፋች ስድስተኛ ሳምንቷ እንደሆነ ይነግሩታል። ብቅ ስል አዩኝ። «የቄሱ ልጅ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ጃፈር ዝርዝሩን ፈተሸ። ለተጊዮርጊስ የሚባል ስም የለም። በምን ስም ነው የሄደችው ብሎ ደጋግሞ ጠየቃቸው። እሳቸው እኔን እያዩ «በስሟ» አሉ። ስሸኛቸው ደረጃው ላይ እጄን ያዙና እዚህ መምጣታቸውን ለአባዬ እንዳልነግርባቸው ለመኑኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ?

ለተጊዮርጊስ የእማዬ የክርስትና ልጅ ናት። ስትጠመቅ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ውኃው ሲነካት ተወራጭታ የአባዬን ጥምጣም በእግሯ ጠልዛ ስትጥለው፣ እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሕፃኗን ለአያቷ አቀበለቻት። እንግዲህ አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሄደች ሲሉኝ «ጎበዝ» ብዬ አለፍኩ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ጎበዝ አልኩ።

ለማንኛውም ዝርዝሩ ውስጥ ስሟ የለም። የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጊዜ የለም። ምዕራፉ ለሳምንቱ መጨረሻ ይፈለጋል። ስድስት ገጽ ጽፌያለሁ። የሳሌምን ወረቀት «መነሻው ሊታወቅ ያልቻለ» አልኩት። ወይዘሮ ማኅደረማርያም ከሥሩ አስምረው በእርሳስ «ማን ሞክሮ?» ብለው መለሱልኝ። አንገቴን ብርድ መታኝ መሰለኝ፣ ቀና ማለት አቅቶኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለአባዬ ደወልኩ። ጤናውን፣ አጨዳውን ጠየቅሁ። ከዚያ ለጥናት ነው ብዬ፣ አንድ ካህን የክርስትና ወረቀት አሳስቶ ቢጽፍ ምን ይሆናል አልኩት። ከኋላው ላሚቱ እምቧ ስትል ይሰማኛል። ቆይቶ መንገዱ ክፍት ነው ወይ አለኝ። ይህን ሳምንት ክፍት ነው አልኩት። «እንግዲያ ለሚካኤል ነይ» ብሎ ዘጋው።

አባዬ ሳይመርቀኝ ስልክ ዘግቶ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የቢሮው ግድግዳ ኮምፖርሳቶ ነው፤ የሰው ትንፋሽ ያሳልፋል። ወይዘሮ ማኅደረማርያም ለጃፈር ሲነግሩት ሰማሁ። «ልጅቱ ያቺን ፋይል ስትከፍት አይቻለሁ። የፈላ ድስት ክዳን የነካች ይመስል ወዲያው ነው የምትመልሰው» አሉ። ጃፈር ፈተና ስላለባት ይሆናል ብሎ ሸፈነልኝ።

ምንም ፈተና የለብኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ጎረቤላ

አባዬ እደጁ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ውስጥ ነኝ። በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ካልሆነ እኔም አላምነውም።

ቅዳሴ እንዳበቃ መዝገቡን ላየው እፈልጋለሁ አልኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ከቀሚሱ ኪስ ቁልፉን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረውና ራሴ እንድገባ አዘዘኝ። ከቅጽረ ግቢው በር አጠገብ ያለችው ጽሕፈት ቤት አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያላት። መዝገቡ እንደ ድሮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የ2002 ዓመተ ምሕረቱን ገለጥኩ። ለተጊዮርጊስ፤ እናቷ አስካለማርያም፤ ክርስትና እናቷ እማዬ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ 1995፣ እኔ ወደተወለድኩበት ዓመት። ሳሌም። እናቷ አስካለማርያም። ከስሟ ግራ በቀይ ቀለም ትንሽ መስቀል አለ።

ያንን መስቀል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባዬ በሕፃንነታቸው ላረፉት ነው የሚያደርገው። እትዬ አስካለማርያም ከለተጊዮርጊስ በፊት ልጅ ቀብረው እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስሟን ግን ማንም አያነሣውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ከመስቀሉ አጠገብ ደግሞ የማላውቃት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተደረገች ነጥብ አለች። ገጹን ገለበጥኩ። ሌላ ቀይ መስቀል፣ ሌላ ሰማያዊ ነጥብ። ቆጠርኩ። ሰባት። ሁሉም ሴቶች። ሁሉም የሞቱ።

ቀና ስል አባዬ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ነጥቡ ምንድን ነው አልኩት።

«እንዳላሳስት ነው» አለ። «አንዴ የተሰጠ ስም ለሁለተኛ ሰው እንዳይሰጥ።»

ስለ ዘር እህል የሚነግረኝ ይመስል፣ በዚያው ድምፅ። ዋሽተሃል አልኩት። በሕይወቴ አባቴን ዋሽተሃል ብዬው አላውቅም።

«አንዲት ሐሰት አልጻፍኩም» አለኝ። «ሳሌም ተወልዳለች፤ ተጠምቃለች፤ እናቷም አስካለማርያም ናት። የጻፍኩት ሁሉ እፊትሽ አለ። በሕይወት አለች ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።»

እኔ የሕግ ተማሪዋ ለዚህ አንድ አንቀጽ አጣሁለት።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ለተጊዮርጊስ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአፋር በረሃ በእግሯ ወጥታ በጀልባ ልትሻገር ጓዟን ጠቅልላ ነበር። ከዚያ በፊት የጎረቤቱ የቄስ ብርሃነ መስቀል ልጅ በዚያው መንገድ ሄዳ እስከ ዛሬ ወሬዋ የለም። እትዬ አስካለማርያም እግሩ ላይ ወደቁ። ከበረሃው አውሮፕላኑ ይሻላታል ብሎ ጻፈላቸው። ወዲያው ሌላ እናት ሰማች። ከዚያ ሌላ።

ለተጊዮርጊስ ታስራለች አልኩት። አላወቀም ነበር። እናቷም እንዳላወቁ ያኔ ነው የገባኝ። ቢሮአችን መጥተው የጠየቁን እኮ እኛው እጅ ውስጥ ስላለች ልጅ ነው። ሲጠይቋት ሳሌም ነኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው ከማለት በቀር አፏ አይከፈትም ስለው፣ የአባዬ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ገዝቻታለሁ» አለ።

ልትሄድ በዋዜማው እዚችው ክፍል አስጠርቶ፣ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርጎ፣ እስክትመለስ ድረስ እውነተኛ ስሟንና ዕድሜዋን ለማንም እንዳትናገር በእግዚአብሔር ስም ገዝቷታል። ቢታወቅባት እሷ እዚያ፣ እናቷ እዚህ ይታሰራሉ ብሎ ነው። ልጅቱ የምትጠብቀው ግዝቱን ነው። የገዘተው ካልፈታት ቢገድሏትም አትናገር።

የመዝገቡን ሁለት ገጾች በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። አልከለከለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሚኒባስ ላይ ነኝ፤ ይንገጫገጫል። አባዬ አብሮኝ አልመጣም። ለመንኩት። ለራሱ ቢሆን ዛሬውኑ እንደሚነሣ ነገረኝ። ግን የአንዷ ነገር ከወጣ የስድስቱም ይወጣል፤ ስድስቱ ደግሞ እዚያው ሥራ ላይ ናቸው። ልጆቹ የማን እንደሆኑ ረሳሽ ወይ አለኝ። አልረሳሁም። ሁለቱን ጸጉር ሠርቻቸዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ገባ

ለወይዘሮ ማኅደረማርያም ሁሉንም ነገርኳቸው። ጽሕፈቱን የመጀመሪያውን ቀን እንዳወቅሁት ጭምር። ለአንቺም እኮ አልነገርኩሽም ነበር፤ አሁን እወቂው። ያ «ለ» ለልደቴ በሚጽፍልኝ ምርቃት ሁሉ ላይ ያለ «ለ» ነው።

አልጮኹብኝም። የጠረጴዛቸውን ቀን መቁጠሪያ በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩና «ዐሥራ ሰባት ቀን» አሉ። «አንቺ ስታፍሪ ልጅቱ እዚያ ዐሥራ ሰባት ቀን ተቀምጣለች።»

ፎቶውን ወዲያው ላኩ። አቶ ቴዎፍሎስ ከሰዓት መለሱ። ገጹ ይረዳል፤ ግን ልጅቱ ራሷ ችሎት ቀርባ ሃያ ሦስት ነኝ ካለች ዳኛው እሷን ነው የሚሰማው። ከቀጠሮው በፊት ሰኞ ኅዳር 22 በስልክ ሊያገናኙን ይችላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ወይዘሮ ማኅደረማርያም ምዕራፉን ተቀብለውኝ ለጃፈር ሰጡት። የአባቴን ጉዳይ እኔ ልጽፈው አይገባም፤ ልክ ናቸው። ጃፈር ወረቀቶቹን ሲረከበኝ «ሠናይት» ብሎ ጠራኝ። «እሜቴ ዐዋጅ» ቢለኝ ምን ነበረበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አባዬ ስልክ አያነሣም። ኔትወርክ ይሆን? ይሆናል። ትናንትም ይሆናል ብያለሁ። እትዬ አስካለማርያም መጥተው ነገርናቸው። አላለቀሱም። ሳሌም ብለው የመጀመሪያ ልጃቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩና «እሷንም አላሳርፍ አልኳት» አሉ። የሰኞውን የስልክ ቀጠሮ ለአባዬ ሊነግሩ በዚያው ወደ ጎረቤላ ተመለሱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የጎረቤላ መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ከፊሉ ደግሞ ተከፍቷል ይላል። መናኸሪያ ሄጄ ቆሜ መጣሁ። ማንን ልጠይቅ?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ጭቃ የያዘ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ አራት ሰዓት ሲሆን አባዬ በቢሮው በር ገባ። እትዬ አስካለማርያም ከኋላው። ጃፈር ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ አባዬ ግን አልቀመጥም አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ያላነሣው ለምን እንደሆነ ያኔ ሰማን። የስድስቱን ልጆች እናቶች ቤት ለቤት እየዞረ ሲነግራቸው ነበር። አንዷ በር ዘጋችበት። አንዷ በድንጋይ አባረረችው። አራቱ ግን የልጆቻቸውን አድራሻ በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ ሰጥተውታል፤ ወረቀቶቹን ከመስቀሉ ጋር በመሐረብ ቋጥሮ አምጥቶ ለወይዘሮ ማኅደረማርያም አስረከበ። ትናንት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናኑ ፊት የሠራውን ተናግሮ የመዝገቡን ቁልፍ ለደብሩ አለቃ መልሷል። ይህን ሁሉ ሲናገር እኔን አላየኝም።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አቶ ቴዎፍሎስ ልጅቱ አጠገባቸው እንዳለች፣ ጊዜው አጭር እንደሆነ ነገሩን። ወይዘሮ ማኅደረማርያም ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው መካከል አኖሩት።

«ሳሌም ነኝ» አለ ቀጭን ድምፅ። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።»

ማንም ሳይጠይቃት።

አባዬ መስቀሉን ከመሐረቡ አወጣና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ኃይለ ገብርኤል ነኝ» አለ። «የገዘትኩሽ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። አሁን ስምሽን ተናገሪ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ትንፋሿ ግን ይሰማል፣ ቶሎ ቶሎ።

«አባ» አለች በመጨረሻ። «እናቴን አያስሯትም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሕግ ተማሪዋ እኔ ነኛ። እናቷ ሊጠየቁ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እትዬ አስካለማርያም እኔን አልጠበቁም፤ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ክንዳቸው ተደግፈው አፋቸውን ስልኩ ላይ ሊያሳርፉት ምንም አልቀራቸው። «እኔን ተይኝ፣ ለተዬ» አሉ። «ቢያስሩኝም እዚሁ አገሬ ነው።»

«ለተጊዮርጊስ» አለች። «ዐሥራ ስድስት።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሃያ ሦስት ዓመት የሆናት ሴት እንደዚያ አታለቅስም። አቶ ቴዎፍሎስ ቃሏን እንደመዘገቡ ነገሩንና መስመሩ ተዘጋ።

ጃፈር ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። አባዬ መስቀሉን መልሶ ሲቋጥር፣ መጀመሪያ የጠየቀው ፖሊስ ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ ነው። ወይዘሮ ማኅደረማርያም ያለ ጠበቃ እንዳይሄድ ነገሩት፤ ለነገ ጠዋት አንድ ጠበቃ አግኝተውለታል። ጠበቃው እስኪመጣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

የለተጊዮርጊስ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ዳኛው የቱን ዕድሜ እንደተቀበለ፣ አባዬንም ጣቢያው ምን እንዳለው፣ የሰማሁ ዕለት እዚሁ ታገኚዋለሽ። ዐሥራ ሰባት ቀን አላስጠብቅሽም።